የ1962 ኢትዮጵያ ከ2010 ግብፅ ቢጋጠሙ፦ የሒሳብና ስፖርት ክበብ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ነገር አቅዶ ነበር። የሱዶኩ ውድድር፣ የገበያ ዋጋ ጥናት፣ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ቁመት በጥላ መለካት። ጣሪያውን ለካን። የቀረውን ኳስ በላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለያየ ዘመን የአፍሪካ ዋንጫ ያነሱ ቡድኖች ቢገናኙ ማን ያሸንፋል? እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ እየተጠጣ የሚነሳ ክርክር ነው፤ ማብቂያ የለውም። እኛ ደግሞ እስቲ በሒሳብ እንሞክረው አልን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው የዋንጫው መዝገብ የተያዘው በዚያ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ ለመምረጥ ድምፅ መስጠት እንኳ አላስፈለገም። የ1962 ኢትዮጵያ ከ2010 ግብፅ። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታን። በፍጻሜው ደግሞ ግብፅን፣ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ የምትባለውን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ግብፅ በበኩሏ በ2010 ሦስተኛ ተከታታይ ዋንጫዋን ስትወስድ በ6 ጨዋታ 15 ጎል አግብታ የተቆጠረባት 2 ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ስሌታችን ቀላል ነበር። ኢትዮጵያ በጨዋታ በአማካይ 4 ታገባለች። ግብፅ ላይ በጨዋታ 0.33 ይገባል። የሁለቱ አማካይ 2.2 ገደማ ነው። በሌላ በኩል ግብፅ 2.5 ታገባለች፣ ኢትዮጵያ ላይ 2 ይገባል፤ አማካዩ 2.25። እኩል ለእኩል ማለት ነው! ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

የኮምፒውተር ክፍሉ ገና ስላልተፈቀደልን ጨዋታውን ያጫወትነው በባቄላ ነው። 90 ባቄላ በላስቲክ ከረጢት ይገባል። ሁለቱ በቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብተዋል፣ ሁለቱ በአረንጓዴ። አንድ ባቄላ ማውጣት አንድ ደቂቃ ነው። ወጥቶ ይታያል፣ ይመለሳል፣ ከረጢቱ ይነቀነቃል። ቀይ ከሆነ ጎል ለግብፅ፣ አረንጓዴ ከሆነ ጎል ለኢትዮጵያ። እንዲህ እየተባለ 90 ጊዜ። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ያስተላልፋል። ችሎታው ያስገርማል፤ ያልተቀባ ባቄላ ሲወጣ እንኳ ኳሷ አግዳሚውን መትታ ትመለሳለች። አንድ ጨዋታ የምሳ ሰዓታችንን ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል።

ደስታውን ያደፈረሰችው አንዲት ዝምተኛ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ በ1962 እኮ ሁሉም ነበር የሚያገባው» አለች። ቆጠርነው። በዚያ ውድድር የነበሩት አራት ቡድኖች ብቻ ናቸው። በ4 ጨዋታ 18 ጎል ተቆጥሯል፤ በጨዋታ 4.5 ማለት ነው። በ2010 ደግሞ በ29 ጨዋታ 71 ጎል፤ 2.5 እንኳ አይሞላም። ከኋላ ወንበር አንዱ «አቦ፣ ጎል ረክሶ ነበራ!» ብሎ ጮኸ። ከዚህ በተሻለ አላስረዳውም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቡድን መጀመሪያ ከራሱ ዘመን ጋር ለካነው። ኢትዮጵያ ያገባችው የዘመኗ ቡድን በአማካይ ከሚያገባው 1.78 እጥፍ ነው። ግብፅ የዘመኗን 2.04 እጥፍ። ትልቁ ልዩነት ግን ከኋላ ነው። ኢትዮጵያ ላይ የገባው የዘመኑን አማካይ 0.89 ያህል ሲሆን ግብፅ ላይ የገባው 0.27 ብቻ ነው። በዚህ መሀል የኮምፒውተር ክፍሉ ስለተከፈተልን ባቄላው አርፎ ኤክሴል ገባ። የአንዱን ቡድን የማግባት እጥፍ በሌላው ላይ በሚገባው እጥፍ አባዛን፤ ከዚያ የጎልን ብዛት ዕድል የሚያሰላውን የፖይሰን ቀመር አስተማርኳቸው። በሥርዓተ ትምህርታቸው የለም፤ ግን ኳስ ካለበት ማን ይፈራል? ውጤቱ፦ ከ100 ግጥሚያ ኢትዮጵያ የምታሸንፈው 8 ገደማ ነው። «ይሄ ሞዴል ግብፃዊ ነው» የሚል ተቃውሞ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ጠበቀኝ።

እዚህ ላይ ነው ክበቡ በእውነት ክበብ የሆነው። ልጆቹ ውጤቱን ትተው ስሌቱን መበርበር ጀመሩ። የተጨማሪ ሰዓት ጎል ይቆጠራል ወይ? የኢታሎ ቫሳሎና የመንግሥቱ ወርቁ የፍጻሜ ጎሎች የገቡት ከ90 ደቂቃ በኋላ ነው። ግብፅም በ2010 ካሜሩንን 3 ለ 1 ያሸነፈችው በተጨማሪ ሰዓት ስለሆነ ቢቀነስ የሁለቱም ይቀነሳል። ከሁሉም የወደድኩት ግን የጌዶን ክርክር ነው። መሐመድ ናጊ፣ ጌዶ የሚባለው፣ በ2010 አምስት ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው አንዴም በቋሚነት ሳይጀምር ነው። በፍጻሜው ጋናን ያሸነፈችውን ብቸኛ ጎልም ተቀይሮ ገብቶ ነው ያስቆጠረው። በዓለም ዋንጫ ቅያሪ የተጀመረው ግን በ1970 ነው። «በ1962 ሕግ ከተጫወትን ጌዶ ወንበር ላይ ይቀራል» አለ ኢትዮጵያን የያዘው ቡድን። በማን ዘመን ሕግ ነው የምንጫወተው? አልተስማሙም። እኔም አልፈረድኩም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይፈረድ ቢሰነብት ይሻላል ባይ ነኝ።

ቀጥሎ የ1992 ኮትዲቯር መጣች፤ ሞዴላችንም ተሰበረ። ያ ቡድን በ5 ጨዋታ 4 ጎል ብቻ አግብቶ አንድም ሳይገባበት ነው ሻምፒዮን የሆነው። ጋናን በፍጻሜ ያሸነፈው 0 ለ 0 ተለያይቶ በፍጹም ቅጣት ምት 11 ለ 10 ነበር። ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው። ኤክሴል ላይ ማንም፣ መቼም፣ ኮትዲቯር ላይ ጎል አያገባም! መፍትሔውን ያመጣችው ያችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለሁሉም ቡድን አንድ የይስሙላ ጨዋታ እንጨምርለት፣ ከዘመኑ መካከለኛ ቡድን ጋር በአማካይ ውጤት የተለያየበት። ዜሮው ጠፋ። ሁለት ጨዋታ ብቻ የነበራት ኢትዮጵያም ቁጥሯ ረጋ፤ ከግብፅ ጋር ከ100 የምታሸንፈው ወደ 11 ገደማ ከፍ አለ። በስታትስቲክስ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ልጅቷ ግን ማንም ሳይነግራት ነው የደረሰችበት።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በአብዛኛው ያለፈው በእኛው ከተማ ጉዳይ ነው። በ1976 አፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ የተጫወተው ድሬዳዋ ላይ መሆኑን ከአባላቱ የሚያውቅ አልነበረም። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር፣ የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ። ሱዳን የ1970 ሻምፒዮን፣ ዛየር የ1974፤ ሞሮኮ በዚያው በ1976 ሻምፒዮን ሆነች፣ ናይጄሪያ በ1980። እኛ በባቄላ የምናገናኛቸው የአራት የተለያዩ ዓመታት ሻምፒዮኖች እዚሁ ሰፈራችን በእግራቸው ተገናኝተዋል። ዛየር ከሁለት ዓመት በፊት ንዳዬ ሙላምባ ብቻውን 9 ጎል ያገባላት ቡድን ናት። ድሬዳዋ ላይ ግን በናይጄሪያ 4 ለ 2፣ በሞሮኮ 1 ለ 0 ተሸንፋ፣ ከሱዳን 1 ለ 1 ተለያይታ፣ አንድ ነጥብ ይዛ ሄደች። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ የሆኑ የአንድ አባላችን አያት መጥተው ነገሩን። «ዛየርን ላይ ገብቼ ናይጄሪያን አይቼ ወጣሁ» አሉ። ልጆቹ ስለ ፖይሰን ሊያስረዷቸው ሞከሩ። በትዕግሥት ሰምተው ባቄላዋን አሳዩኝ አሉ።

በሰኔው ኤግዚቢሽን መብራት ስለጠፋ ኤክሴሉን ማሳየት አልተቻለም። ባቄላው ግን ሠርቷል፤ ወረፋውም እስከ በሩ ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት የድሬዳዋን ጥጥ ማኅበር ልናጫውት አስበናል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጥጥ ማኅበርና ኢትዮ ሲሚንቶ የኢትዮጵያን ሻምፒዮንነት እየተፈራረቁ ድሬዳዋ ያስቀሩ ክለቦች ናቸው፤ ሉቺያኖ ቫሳሎም ለጥጥ ማኅበር ተጫውቷል። የቸገረን የጨዋታ ውጤት ነው። ቤታችሁ የቆየ ጋዜጣ፣ የስታዲየም ትኬት ወይም ውጤት የተጻፈበት ደብተር ካለ ፎቶ አንስተን እንመልሳለን። ሒሳብ ክፍል አምጡልን፤ ከረቡዕ የምሳ ሰዓት በቀር ሁልጊዜ አለን።