ግልጽ ደብዳቤ ለማዕድን ሚኒስቴር፦ ከቁፋሮው በፊት ውሃው ይለካ

ለኢፌዴሪ ማዕድን ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ አግድም በሚቆፈሩ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶች ላይ ስለሚደረግ ሃይድሮሊክ ፍራክቸሪንግ መመሪያ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። ሥራዬ የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው፤ ውሎዬ ከመቆፈሪያው ሪግ፣ ጉድጓዱን ከሚያለብሰው ቱቦ ማለትም ከኬዚንግና ከፓምፕ ሙከራ ጋር ነው። «ነዳጅን ከአንተ ምን አገናኘው?» ሊባል ይችላል። ነዳጅ ፈላጊውም ውሃ ፈላጊውም የሚቆፍሩት ግን አንድ መሬት ነው። እኔ መቶና ሁለት መቶ ሜትር ላይ ውሃ ሳገኝ አቆማለሁ፤ እሱ ያንኑ ውሃ አቋርጦ ኪሎ ሜትሮች ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በአገራችን በየትኛውም የጋዝ ወይም የነዳጅ ጉድጓድ ላይ ሃይድሮሊክ ፍራክቸሪንግ፣ በአጭሩ ፍራኪንግ (ዓለትን በከፍተኛ የፈሳሽ ግፊት መሰንጠቅ) ከመፈቀዱ በፊት በዙሪያው ያለው የምንጭ፣ የጉድጓድና የቢርካ (የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ) ውሃ በገለልተኛ ላቦራቶሪ ይለካ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ይህን የማያሟላ ፈቃድ እንዳይሰጥ መሥሪያ ቤትዎ በመመሪያ ይደንግግ።

ጋዙ ይውጣ ከሚሉት አንዱ ነኝ። የነዳጅ ቦቴው ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ምን ያህል ዶላርና ምን ያህል ቀን እንደሚበላ በዚህ መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ማደያ ላይ የሚሰለፈውን ባጃጅ በየጊዜው እናየዋለን። በሶማሌ ክልል ያለው የካሉብ ጋዝ በ1960ዎቹ ተገኝቶ ይህን ሁሉ ዘመን ተቀብሮ ሲቆይ እንደ ሌላው ኢትዮጵያዊ እኔም ተቆጭቻለሁ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የጋዙ ፕሮጀክት የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲመረቅም ደስ ብሎኛል።

ካሉብ ላይ ያለው ጋዝ የተቀመጠው በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው። ከአሸዋ ድንጋዮቹ መካከል ግን ባለሙያዎች ቦክ የሚሉት የሼል (ከደለል ጭቃ ተጠቅጥቆ የተሠራ ዓለት) ንብርብር አለ። ሼል ጋዝ ቢይዝም ቀዳዳዎቹ እጅግ ስለሚጠቡ በተራ ጉድጓድ አይለቀውም፤ የሚለቀው ሲሰነጠቅ ነው። ዛሬ ባይሆን ነገ አንድ ኩባንያ ፍራኪንግ ልሥራ ብሎ ወደ እርስዎ ቢሮ መምጣቱ አይቀርም። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በደቡብ ወሎ ወረኢሉ አካባቢ ዘይት በራሱ ጊዜ ከመሬት እንደሚወጣ የሥነ ምድር ባለሙያዎች መዝግበው አጥንተውታል። አፄ ምኒልክ የሸዋን ሰው ለዓድዋ ዘመቻ «ከተህ ላግኝህ» ያሉባት ያቺው ወረኢሉ ናት። የዓባይ ተፋሰስ ነዳጅ ፍለጋ በተነሳ ቁጥር ስሟ የሚጠራው በዚህ ዘይት የተነሳ ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል፤ ደብዳቤውን የሚያነብ የአገሬ ሰው የምንነጋገርበትን ነገር አውቆ ይፍረድ። ጉድጓዱ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የተፈለገው ንብርብር ጋ ሲደርስ ቀስ በቀስ ይታጠፍና ንብርብሩን ተከትሎ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ በአግድም ይሄዳል። አግድሙ ክፍል የሚመራው ዓለቱ በጎን በኩል አነስተኛ ጫና ባለበት አቅጣጫ ነው፤ ስንጥቁ ያን ጊዜ ጉድጓዱን አቋርጦ ይከፈታል። ከዚያ ውሃ፣ አሸዋና ጥቂት ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ይገባል። የመኪና ጎማ የሚነፋው ከሁለት ባር ብዙም በማይበልጥ ግፊት ነው፤ እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ግፊቱ ከ600 ባር ሊያልፍ ይችላል። ዓለቱ ይሰነጠቃል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ስንጥቁ መልሶ እንዳይዘጋ አሸዋው ይደግፈዋል፤ ጋዙም በዚያ ይወጣል።

አግድሙ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ አይሰነጠቅም፤ በደረጃ በደረጃ ተከፋፍሎ ነው። መመሪያው ሊያውቀው የሚገባው ልዩነት ያለውም እዚህ ላይ ነው። በብዛት የሚሠራበት ዘዴ «ፕለግ ኤንድ ፐርፍ» ይባላል። ኬዚንጉ በሲሚንቶ ከታሰረ በኋላ ከመጨረሻው ጫፍ ይጀመራል፤ በሽቦ የሚወርድ ተተኳሽ መሣሪያ ኬዚንጉን በተለያዩ ቦታዎች ይበሳዋል፤ ያ ክፍል ይሰነጠቃል፤ በመድፈኛ ይዘጋና ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቀጥለው ይበሳል። ሁሉም ሲያልቅ መድፈኛዎቹ ተቆፍረው ይወጣሉ። በአንድ ደረጃ ብዙ ቀዳዳ ስለሚከፈት ፈሳሹ ለሁሉም እኩል አይደርስም፤ አንዱ ብዙ ይጠጣል፣ ሌላው ጥቂት ወይም ምንም። ሁለተኛው ዘዴ በኬዚንጉ ላይ አስቀድመው የተገጠሙ ተንሸራታች በሮችን ኳስ እየጣሉ መክፈት ነው፤ ትንሿ ኳስ መጨረሻ ጫፍ ትደርሳለች፣ ተለቅ ያለችው ቀጥሎ ያለውን በር ትከፍታለች። ይህ ይፈጥናል፤ ነገር ግን የኳሱ መጠን የደረጃዎቹን ቁጥር ይገድበዋል። ሦስተኛው በተጠቅላይ ቀጭን ቱቦ አሸዋ የተቀላቀለ ውሃ እየረጩ ኬዚንጉን መብሳትና አንድ ቦታ ብቻ እየነጠሉ መሰንጠቅ ነው። አዝጋሚ ቢሆንም ፈሳሹ የት እንደገባ በትክክል ይታወቃል፤ የውሃ ባለሙያ የሚወደውም እሱን ነው።

ኩባንያው የትኛውን ዘዴ እንደሚጠቀም፣ ጉድጓዱን በስንት ደረጃ እንደሚከፍልና በእያንዳንዱ ደረጃ ምን ያህል ውሃ እንደሚያስገባ አስቀድሞ በጽሑፍ ካላስታወቀ ተቆጣጣሪው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ምንም ሊቆጣጠር አይችልም።

የውሃው መጠን ነገር ደግሞ አለ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ እንደሚለው አንድ ጉድጓድ ለመሰንጠቅ ከ5.7 ሚሊዮን እስከ 60 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ውሃ ይሄዳል። ላይኛው ቁጥር 20 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢጫን 3,000 ቦቴ ነው፤ ለአንድ ጉድጓድ! ደሴ ውስጥ ውሃ በፈረቃ እየጠበቀ ባሊ የሚደረድር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሺላቦ አካባቢ ዝናብን በቢርካ አጠራቅሞ ግመሉን የሚያጠጣ አርብቶ አደርማ የበለጠ ይገባዋል። ለመጠጥ የማይሆን ጨዋማ የከርሰ ምድር ውሃን ለዚህ ሥራ መጠቀም የሚያስችሉ ኬሚካሎች አሉ፤ በደረቅ አገር ንጹሕ ውሃ ለዚህ እንዳይነካ መከልከል አለበት ባይ ነኝ።

ፍራኪንግን በጅምላ ማውገዝም አልፈልግም። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ የተከፈተ ስንጥቅ ያን ሁሉ ዓለት ሰንጥቆ የመጠጥ ውሃ ንብርብር ጋ የሚደርስበት ዕድል አነስተኛ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ፍራኪንግ በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጠጥ ውሃን ሊጎዳ እንደሚችል ደምድሟል። ከጠቀሳቸው መንገዶች ብዙዎቹ እኔ በየቀኑ የማያቸው ዓይነት ናቸው፦ በኬዚንግና በመሬቱ መካከል በደንብ ያልሞላ ሲሚንቶ፣ መሬት ላይ የፈሰሰ ኬሚካል፣ ፕላስቲክ ባልተነጠፈበት ጉድጓድ የተጠራቀመ ፍሳሽ፣ ውሃ ባነሰበት ወቅትና ቦታ ውሃ መሳብ። ተመልሶ የሚወጣው ፍሳሽ ከገባው ይከፋል፤ ከጥልቁ ዓለት ጨው፣ ባሪየምና አንዳንዴም ራዲየም ይዞ ነው የሚመጣው። ያንን ፍሳሽ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ መልሶ መድፋት ደግሞ በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ግዛት መሬት አንቀጥቅጧል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ፖኒ ከተማ አጠገብ የደረሰው በሬክተር 5.8 ነበር። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ካራቆሬ በ1953 ዓ.ም. ተንቀጥቅጣ ማጀቴ እንደፈረሰች አባቶቻችን ነግረውናል። ፍሳሽ በየትኛው መሬት ውስጥ እንደሚደፋ ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ የምንኖር ሰዎች መጠየቃችን ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ፤ ልኬት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮምቦልቻ አጠገብ፣ አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን ከሚለቅበት ዝቅ ብሎ የተተከለ የእጅ ፓምፕ ውሃው ተለወጠ ብለው ነዋሪዎች አመለከቱና ናሙና ልንወስድ ሄድን። ናሙና መውሰድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መጀመሪያ በቱቦው ውስጥ የቆየው ውሃ እስኪወገድ ይቀዳል። ጠርሙሱ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል፤ አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ ይሞላል፤ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ በማይለቅ ቀለም ይጻፍበታል፤ በረዶ ባለበት ሳጥን ይገባል። ይህን ስናደርግ አንዲት እናት ቆመው ያዩን ነበር። «ልጄ፣ ሳሙናው አረፋ አያወጣም፤ ባቄላውም ቢጥዱት ቢጥዱት አልበስል አለ» አሉን። መለኪያውም የሳቸውን ቃል ደገመው፤ ጨውነቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። የፋብሪካው ሰው ግን «ድሮም እንዲሁ ነበር» አለ። ፓምፑ ሲተከል የተሠራ የላቦራቶሪ ውጤት ካለ ብለን መዝገብ ቤቱን ሁሉ አሰስን፤ አልተገኘም። ጉዳዩ በዚያው ቀረ። እኚያ እናት ዛሬም ውሃ የሚቀዱት ከሩቅ ነው።

ወረኢሉ ላይ ይህ ክርክር እጥፍ ድርብ ይከብዳል። እዚያ ዘይት የሚያፈስሰው ተፈጥሮ ራሷ ናት። ነገ ኩባንያ ገብቶ ከቆፈረ በኋላ አንድ ገበሬ ምንጬ ጋዝ ጋዝ ሸተተኝ ቢል ኩባንያው «ተፈጥሮ ነው» ይላል፤ ከመቶ ዓመት ጀምሮ የነበረ ሽታም በኩባንያው ሊሳበብ ይችላል። ሁለቱንም የሚገላግላቸው አስቀድሞ የተወሰደ ናሙና ብቻ ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟው ሚቴን መጠኑ ብቻ ሳይሆን የካርቦኑ አይሶቶፕ (ክብደታቸው የሚለያይ የካርቦን አቶሞች ድርሻ) ከተለካ ጋዙ ጥልቅ ዓለት ውስጥ በሙቀት የበሰለ ይሁን ወይስ ላይኛው አፈር ውስጥ ተህዋስያን የሠሩት ይለያል። ክሎራይድ፣ ባሪየም፣ ስትሮንቲየምና ቤንዜን (በነዳጅ ውስጥ የሚገኝ መርዛማ ኬሚካል) አብረው ቢለኩ ደግሞ መዝገቡ የተሟላ ይሆናል። ለአንድ ጉድጓድ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲተያይ ወጪው ኢምንት ነው።

ይህን ሕግ አድርገው የሠሩበት አሉ። የአሜሪካዋ ፔንሲልቫኒያ ግዛት በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው አክት 13 በተባለው ሕግ፣ ከሼል ጋዝ ጉድጓድ በ2,500 ጫማ ማለትም 760 ሜትር ገደማ ውስጥ ያለ የውሃ ምንጭ ሥራው በተጠናቀቀ በ12 ወር ጊዜ ውስጥ ከተበከለ ጥፋቱ የኩባንያው እንደሆነ ይገመታል። ኩባንያው ራሱን ነጻ ከሚያወጣባቸው መንገዶች አንዱ ከቁፋሮው በፊት ያስለካውን ውጤት ማቅረብ ነው። የማስረዳቱ ሸክም የወደቀው አቅም ባለው ላይ ነው። በእኛ አገር ርቀቱ ከጉድጓዱ አፍ ብቻ ሳይሆን አግድሙ ክፍል ካለፈበት መሬት ሁሉ እንዲቆጠር እጠይቃለሁ፤ ሦስት ኪሎ ሜትር በሄደ አግድም ጉድጓድ ጫፍ ላይ የሚኖር ገበሬም ጎረቤት ነውና።

ዘርፉ ለረጅም ዘመን የተዳደረበት የፔትሮሊየም ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 295 የወጣው በ1978 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሼልን በአግድም ጉድጓድ ደረጃ በደረጃ መሰንጠቅ የተለመደ ሥራ አልነበረም፤ ቴክሳስ ውስጥ በባርኔት ሼል ላይ በአመዛኙ ውሃ የሆነው ፈሳሽ የተሳካው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ ከአግድም ቁፋሮ ጋር ተጣምሮ የተስፋፋውም ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ አዋጁን ያረቀቁትን ሰዎች አልወቅስም። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትን፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ፕሮጀክት በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን የመስጠት መብትን ደንግጓል። ውጤቱ በቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ካልተለጠፈ ሕዝቡ ምኑን አይቶ ሐሳብ ይሰጣል? የኬሚካሉ ዝርዝርም «የንግድ ምስጢር» ተብሎ መታለፍ የለበትም። የአሜሪካዋ ዋዮሚንግ ግዛት በ2010 እ.ኤ.አ. ዝርዝሩ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲገለጽ አስገድዳለች፤ ዘይቱም ጋዙም መውጣቱን አላቆመም።

ክቡር ሚኒስትር፣ የበጋው ወራት ለናሙና የተመቸ ነው፤ ወንዙ ይቀንሳል፣ ምንጩ ሳይደፈርስ ይቀዳል። የወረኢሉ ምንጮችና ጉድጓዶች በመጪው በጋ ቢለኩ ኩባንያ ቢመጣም ባይመጣም መዝገቡ ለአገር ይቀራል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተማሪዎችና መምህራን አሉት፤ ሥራውን ቢያዙት የሚጠሉ አይመስለኝም። የእኔ ዓይነት ባለሙያዎችም ያለ ክፍያ ናሙና ለመቅዳት ዝግጁ ነን። ከመሥሪያ ቤትዎ የምንፈልገው ለዞኑ የሚጻፍ የትብብር ደብዳቤና ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ እንደሚሆን የሚገልጽ በጽሑፍ የተሰጠ ቃል ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የውሃ ጉድጓድ ባለሙያ
ደሴ