ለአስጎብኚ መኪኖች ተጨማሪ ሶኬት ሲገጠም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እንግዳ ይዘው ወደ ዳናኪልና ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚወርዱ ላንድክሩዘሮች ላይ ለማቀዝቀዣ፣ ለስልክና ለካሜራ የሚሆን ባለ12 ቮልት ሶኬት መጨመሩ ጠቃሚ ቢሆንም፣ አሠራሩ በእጅጉ ያሳስበኛል። ብዙ ጊዜ የማየው ከሲጋራ መለኮሻው ጀርባ ተቀጥሎ በናስትሮ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ነው። ቮልቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አደጋ የለውም ማለት ስህተት ነው፤ ሰው ባይነዝርም፣ ሽቦው ተልጦ ቦዲውን ሲነካ ባትሪው የሚለቀው ከፍተኛ ከረንት መኪናውን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ አዲሱ መስመር በቀጥታ ከባትሪው ሊነሳ፣ ከረንቱ ከልክ ሲያልፍ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጠው ፊውዝም እዚያው ከባትሪው ፖዘቲቭ (+) አጠገብ ሊቀመጥ ይገባል፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና፣ ሶኬቱ ዘንድ ቢደረግ በመካከል ያለው ሽቦ ያለ ጥበቃ ይቀራል። ውፍረቱም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ከባትሪው 5 ሜትር ርቆ 10 አምፒር ለሚስብ ማቀዝቀዣ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) የመዳብ ሽቦ ቢዘረጋ፣ በደርሶ መልሱ ከ1 ቮልት በላይ ይባክናል፤ በ6 ካሬ ግን 0.3 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ማቀዝቀዣው የሚደርሰው ቮልት አንሶበት፣ ባትሪው ሳይደክም በረሃ ላይ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሽቦው ላሜራ በሚያቋርጥበት ቀዳዳ ሁሉ፣ ጠርዙ እንዳይልጠው መከላከያ ጎማ ይግባለት። ባለንብረቶችም መኪናውን ከመረከባቸው በፊት ኮፈኑን አስከፍተው ፊውዙ የት እንዳለ እንዲያዩ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ