ጸደይ ላይ ትምህርት የለም ላልሽኝ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትሽን ጉንፋኑ ለቆታል። ወንድምሽ በረዶው ገና ቀልጦ ሳያልቅ ብስክሌቴን ካላወጣሁ ብሎ ይነዘንዘኛል።

የምጽፍልሽ ባለፈው ስልክ ላይ ያልሽው ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው። የማስተማር ልምምድሽ 3ኛ ክፍል እንደሆነና ከፋሲካ በኋላ እንደምትጀምሪ ስትነግሪኝ በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ግን "እማ፣ ጸደይ ላይ እኮ ትምህርት የለም። ጉዞ ነው፣ ፒጃማ ነው፣ ቅዳሴ ነው፣ የስፖርት ቀን ነው። ሜይ ላይ ደግሞ የልጆቹ ፈተና ይጠብቀኛል" አልሽ። ያን ቀን አውቶቡሴ ደርሶ ስለነበር በደንብ አልመለስኩልሽም።

እንደምታውቂው እኔ የአንድ ትምህርት ቤት ሰው አይደለሁም። በጥሪ የምሠራ ረዳት ነኝ፤ የት እንደምውል የማውቀው ጠዋት ስልኬ ሲጮኽ ነው። ዛሬ ስካርቦሮ፣ ነገ ኢቶቢኮ፣ ከነገ ወዲያ ኖርዝ ዮርክ። ሁሉም ቶሮንቶ ውስጥ ያሉ የአንድ የካቶሊክ ቦርድ ትምህርት ቤቶች ናቸው። የሚማሩት አንድ ነው፣ ጠዋት በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ጸሎት አንድ ነው፣ ጸደይ ላይ የሚያደርጉትም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ቶሎ ይታየኛል። ያው ዝግጅት አንዱ ጋ ትምህርት ይሆናል፣ ሌላው ጋ ቀን መግደያ ሆኖ ያልፋል። ሰፈሩ ሀብታም ይሁን ድሃ ምንም አይለውጥም። ሁሉም ነገር ያለው መምህሯ ከመሄዳቸው በፊት በጠየቀቻቸውና ከተመለሱ በኋላ ባሠራቻቸው ላይ ነው።

የሜፕሉን፣ ጣፋጭ ሽሮፕ የሚሠራበትን ዛፍ፣ ጉዞ ልንገርሽ። ማርች ላይ ከቶሮንቶ አጠገብ ቮን ወዳለው ኮርትራይት ጫካ 3ኛ ክፍሎችን ይዘን ሄድን። መምህሯ ከጉዞው በፊት ሳምንቱን ሙሉ ልጆቹን የሌሊቱንና የቀኑን ሙቀት ሰሌዳ ላይ ስታስጽፋቸው ነበር። ሌሊት ከዜሮ በታች፣ ቀን ከዜሮ በላይ። ለምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። ጫካው ውስጥ አስጎብኚው "ዛፉ ይህን ውሃ የሚሰጠን ሌሊቱ ሲበርድና ቀኑ ሲሞቅ ነው" ሲል አንዲት ልጅ "የኛ ሰሌዳ!" ብላ ጮኸች። ሌሎቹም ገባቸውና ተንጫጩ። መምህሯ ፈገግ ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመረችም።

አንዱ ልጅ ከባልዲው ቀድተው ሲሰጡት ቀመሰና "ውሃ ነው እኮ!" ብሎ ፊቱን አጨማደደ። አይፈረድበትም። ከዛፉ የሚወጣው ፈሳሽ ስኳሩ ከመቶ 2 እጅ ቢሆን ነው። 1 ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል መፍላት አለበት፤ ሌላው ሁሉ ተኖ ይሄዳል። ልጆቹ ቅቤ ሲነጠር እንደሚጠብቅ ሰው በድስቱ ዙሪያ ቆመው እንፋሎቱን ሲያዩ ቆዩ። ይህን ሥራ ለመጤዎቹ ያሳዩት እነ አኒሺናቤ፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ እንደሆኑም ሰሙ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታችን ነበር፤ ያንን ቦት ጫማዬን ይኸው እስካሁን አላጸዳሁትም።

በማግስቱ ያችው መምህር "8 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ሞልቶ ቢፈላ ስንት ሽሮፕ ይወጣዋል?" ብላ ጠየቀቻቸው። ግማሹ 8 አለ። ከዚያ ሣሉ፣ ቆጠሩ፣ ተከራከሩ። አንደኛው ቡድን 200 ሚሊ ሊትር ላይ ሲደርስ ትንሽ ብርጭቆ አምጥታ እስከዚያ ድረስ ውሃ ቀዳችበት። "ይቺ ብቻ?" አሉ። ቀጥላ "ስኳሩ ግን ከየት መጣ? ዛፉ እኮ ክረምቱን ሙሉ ቅጠል አልነበረውም" አለቻቸው። ባለፈው በጋ ቅጠሎቹ የሠሩት ምግብ ግንዱና ሥሩ ውስጥ ተከማችቶ መክረሙን እስኪደርሱበት ሁለት ቀን ወሰደባቸው። የ3ኛ ክፍል ሳይንስ ዕፅዋት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። እሷ ጉዞውን ከትምህርቱ አልነጠለችውም።

ሌላ ጊዜ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር እዚያው ሄድኩ። ያው ባልዲ፣ ያው እንፋሎት፣ ያው ፓንኬክ። ልጆቹ በሉ፣ ጭቃ ላይ ተንከባለሉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ተመለሱ። በማግስቱ ስለ ጉዞው አንድም ሰው አላነሳም። ደስ ብሏቸዋል፣ ልጅ ደግሞ መደሰት አለበት። እኔ ግን አውቶቡስ ውስጥ "ዛፉን አያመውም?" ብላ የጠየቀችኝን ልጅ ሳስብ ይቆጨኛል። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ክፍል ውስጥ የሚያነሳላት አላገኘችም።

ዐቢይ ጾም ላይም እንዲሁ ነው። እኛ ጋ ለሼርላይፍ ገንዘብ የሚሰበሰበው በዚያን ጊዜ ነው። የቶሮንቶ ሀገረ ስብከት ከ1976 ጀምሮ የሚያካሂደው ነው፤ ገንዘቡ ቤተሰብን፣ አዲስ ገቢውን፣ ችግረኛውን ለሚረዱ ድርጅቶች ይውላል። እናንተ ኦታዋ ስሙ ሌላ ይሆናል፣ ነገሩ ግን አይለይም። ልጆቹ ለእርዳታው ሉኒ ወይም ቱኒ፣ የአንድ ወይም የሁለት ዶላር ሳንቲም፣ ይዘው በፒጃማ ይመጣሉ። ብዙ ልጆች ለምን ፒጃማ እንደለበሱ ብትጠይቂያቸው "ፒጃማ ቀን ስለሆነ" ነው የሚሉሽ። አንዲት የ2ኛ ክፍል መምህር ግን ሳንቲሙን ልጆቹ ራሳቸው እንዲለዩት፣ እንዲቆጥሩት፣ በግራፍ እንዲያሳዩት አደረገች። ከዚያ "አንድ ቤተሰብ አውሮፕላን ማረፊያ በሁለት ሻንጣ ቢወርድ መጀመሪያ ምን ያስፈልገዋል?" አለቻቸው። ካፖርት አሉ። አልጋ አሉ። አንዱ "ጓደኛ" አለ። እኔና አባትሽ እንደዚያው ነው የወረድነው፤ እንባዬ መጣ።

አንድ ነገር አደራ። የትኛው ክፍል ብዙ አመጣ የሚል ውድድር ካለ አንቺ አትግቢበት። ባዶ እጁን የመጣ ልጅ ክፍሉን ያስሸነፈ ይመስለዋል። ጾም ልጅን የምናሸማቅቅበት ጊዜ አይደለም። የሳንቲሙ ማጠራቀሚያ ክዳን ያለው ይሁን፣ የጣለውንም ያልጣለውንም ማንም አይይ።

ፍኖተ መስቀሉን ደግሞ ባየሽው! የ8ኛ ክፍል ልጆች አንሶላ ወጥረው፣ ከኋላ መብራት አብርተው፣ 14ቱን ምዕራፍ በጥላ ለትንንሾቹ አሳዩ። ልምምድ ላይ አንዱ ልጅ ወደ መብራቱ ሲጠጋ ጥላው ግዙፍ ሆነና ሁሉም ሳቁ። መምህሩ ግን አላለፈውም። "ለምን ተለቀ? ጴንጤናዊው ጲላጦስ ትልቅ እንዲመስል ብንፈልግ የት ይቁም?" አለ። ልጆቹ ሲንቀሳቀሱ፣ ሲለኩ፣ ወለሉ ላይ ቴፕ ሲለጥፉ ዋሉ። በቀኑ ትንንሾቹ ትንፋሽ አላሰሙም። እስከዛሬ ካየኋቸው የጸደይ ዝግጅቶች ሁሉ በልጦብኛል።

ስለ ፋሲካም አስቢበት። አንቺ ልጅ ሆነሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ሃሌሉያ ሲባል አባትሽ ገና ሁዳዴ ላይ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? የኔና የአባትሽ ፋሲካ፣ የካቶሊኩና የኦርቶዶክሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 አምስት ሳምንት ተራራቀ፤ የኔ ማርች 31፣ የሱ ሜይ 5። በ2025 ደግሞ ሁለቱም ኤፕሪል 20 ላይ ዋለ፣ ዶሮ ወጡንም አንድ ላይ በላን። ክፍልሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ያላቸው ልጆች ይኖራሉ። ከሐበሻው፣ ከዩክሬኑ፣ ከግብጹ። ቸኮሌት ስታድዪ "የኛ ፋሲካ ገና አልደረሰም" የሚል ልጅ ካለ ቀኑን አቁጠሪው። ለጓደኞቹ ይንገራቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ዝም ሲባል አይቻለሁ፣ ሰሌዳው ጋ ወጥቶ ሲናገርም አይቻለሁ። ሲናገር አንገቱን ቀና ያደርጋል።

ኤፕሪል 22 የመሬት ቀን ነው፤ ጓንት አድርጎ ቆሻሻ መልቀም ነው። የለቀሙትን ሳይጥሉ በዓይነት ለይተው ይመዝኑት፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ሜይ ላይ የካቶሊክ ትምህርት ሳምንት አለ፣ የእመቤታችን ሐውልት አበባ የሚደፋበትም ወር ነው። 2ኛ ክፍሎች የመጀመሪያ ቅዱስ ቁርባን የሚቀበሉበትም ጊዜ ነው። ይህ ያንቺ ክፍል ባይሆንም ልብ በይው፣ አንድ ቀን ይደርስሻል። ቁምስናው፣ ትምህርት ቤቱና ወላጁ አንድ ላይ ነው የሚያዘጋጁት። አንዱ ብቻውን ከያዘው ልጁ ቀሚሱንና ፓርቲውን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ መምህሯ ልጆቹን ሁለት ሊጥ አስቦካቻቸው። አንዱ እርሾ አለው፣ አንዱ ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው። እርሾ የሌለው ጋግረው ሲያዩት ቀጭን፣ ነጭ፣ ተሰባሪ። "ይኼ ነው?" አለቻት አንዷ በሹክሹክታ። "ገና አይደለም፤ ቅዱስ ቁርባን የሚሆነው አባ በቅዳሴ ሲባርኩት ነው" አለቻት። ቀሚስ መግዛት ለከበዳቸውም ከቀደሙት ዓመታት የተሰበሰበ አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ ነበራት። እናቶቹ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሲሳሳ ይመጡ ነበር።

አሁን ፈተናው። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የሚሰጠው የኢኪውኤኦ ፈተና 3ኛ እና 6ኛ ክፍል ላይ ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ነው፣ በኮምፒውተር። ውጤቱ የልጁ የትምህርት ማስረጃ ላይ አይገባም። ይህን ለወላጆች ደጋግመሽ ንገሪ፤ በተለይ ለኛ ሰዎች፣ እኛ ፈተና ሲባል እንቅልፍ እናጣለን። አጠገባቸው ተቀምጬ እንዳየሁት ልጆቹን የሚያደናቅፋቸው መደመሩ ብዙም አይደለም። ጥያቄውን አንብቦ ምን እንደተጠየቀ መረዳቱ ነው። ሊትርና ሚሊ ሊትርን ባልዲና ብርጭቆ ላይ ያየ ልጅ ወረቀት ላይ ሲያገኘው አይደነግጥም። ስለዚህ ለፈተናው ብለሽ ጉዞውን አትሰርዢ። ከጉዞው ላይ ጥያቄ አውጪ፣ እነሱም ያውጡ፣ እርስ በርስ ይጠያየቁ።

ሌላም አለ። እኔ አዲስ አበባ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ስማር አባቴ በየወሩ ይከፍል ነበር፣ አንዳንዴም ተበድሮ። ኦንታሪዮ ውስጥ የካቶሊክ ትምህርት ቤት መብት በካናዳ የ1867ቱ ሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነው፤ ክፍለ ሀገሩ ይከፍላል፣ እኛ ለትምህርት ቤቱ ወርሃዊ ክፍያ አንከፍልም። የሕዝብ ገንዘብ ነው። አንድ ቀን በከንቱ ሲያልፍ የሚቆጨኝ ለዚህም ጭምር ነው።

ለዕፅዋቱ ትምህርት ባቄላ ካስበቀልሽ የሐበሻ ሱቁን ደረቅ ባቄላ ተጠቀሚ። በቆልት የምንሠራበት ነው፣ ይበቅላል። ማታ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት በእርጥብ የወጥ ቤት ወረቀት ጠቅልለው ግልጽ ከረጢት ውስጥ ያድርጉትና መስኮት ላይ ይለጥፉት። በየቀኑ ሥሩን በማስመሪያ ይለኩ፣ ቁጥሩን ይጻፉ። ጥሬውን እንዳይበሉት ተቆጣጠሪ። አደራ፣ አርብ አታስጀምሪያቸው፤ ቅዳሜና እሁድ የሚያርሰው የለም፣ ሜይ ላይ በቪክቶሪያ ዴይ በዓል ደግሞ ሰኞም ዝግ ነው። ማክሰኞ ሲመጡ ደርቆ ያገኙትና ያለቅሳሉ።

የክፍልሽ ልጆች ስንት እንደሆኑ እንዳወቅሽ ንገሪኝ። ባቄላውን ገዝቼ፣ የተበላሸውን ለቅሜ፣ ከበርበሬሽ ጋር እልክልሻለሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ሦስት ፍሬ አደርጋለሁ፣ አንዱ እምቢ ቢል ሌላው አለ።

የምትወድሽ እናትሽ