የጂፒኤስ መቀበያ ስትገዙ ደጅ አውጥታችሁ ሞክሩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ዋይፋይ ብቻ ባለውና የራሱ ጂፒኤስ በሌለው ታብሌት መረጃ የሚሰበስቡና ቦታ የሚለኩ ሰዎች በብሉቱዝ የሚሠራ ርካሽ የጂፒኤስ መቀበያ ፍለጋ ከፒያሳ መርካቶ ሲመላለሱ ይታያል። ገንዘባቸው ያለ አግባብ እንዳይወጣ ይህችን ደብዳቤ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ሻጭና ገዢ የሚከራከሩት በቻናል ብዛት፣ ማለትም መቀበያው በአንድ ጊዜ ሊከታተለው በሚችለው የሳተላይት ሞገድ ብዛት ነው፤ 72 የተጻፈበት 20 ከተጻፈበት በውድ ይሸጣል። ሜዳ ላይ ቆማችሁ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚታዩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከአሥራ ሁለት ብዙም አያልፉም። መጠየቅ ያለበት መቀበያው ከአሜሪካው ጂፒኤስ በተጨማሪ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ አንድ ላይ ይቀበላል ወይ የሚለው ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ 209 ሜትር ከፍታ ባለው የንግድ ባንክ ሕንፃ ሥር የቆመ ሰው ግማሹ ሰማይ ተጋርዶበታል። ከመስታወቱ ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ ደግሞ መንገዱ ስለሚረዝም ነጥቡን ከአስፋልቱ ማዶ ይጥለዋል። ብዙ ሳተላይት የሚያይ መቀበያ የተበላሸውን ሞገድ ትቶ በሌሎቹ ማስላት ይችላል፤ ጂፒኤስን ብቻ የሚያውቀው ግን ምርጫ የለውም። «ዋስ» ወይም «ኤግኖስ» ተብሎ ለተጻፈበትም ገንዘብ አትጨምሩ፤ የመጀመሪያው ለሰሜን አሜሪካ፣ ሁለተኛው ለአውሮፓ የተዘረጋ የማረሚያ አገልግሎት ነው።

ከዋጋ በፊት ግን ከመሣሪያችሁ ጋር መግባባቱን አረጋግጡ። አይፓድና አይፎን ተራውን የብሉቱዝ ጂፒኤስ አይቀበሉም፤ እንደ ጋርሚን ግሎ 2 ያለ ለእነሱ የተፈቀደ ዕቃ ያስፈልጋል። በአንድሮይድ ይቻላል፤ ማጣመሪያ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 0000 ወይም 1234 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ካርታው አልንቀሳቀስ ሲለው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል። ማጣመር ብቻውን አይበቃም። የብሉቱዝ ጂፒኤስ አፕ ጫኑ፤ በሴቲንግ ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ነክታችሁ የዴቨሎፐር ኦፕሽንስን ክፈቱ፤ ከዚያ «ሞክ ሎኬሽን አፕ» (ታብሌቱ ቦታውን ከየትኛው አፕ እንደሚወስድ የሚወስነው) በሚለው ላይ ያንኑ አፕ ምረጡ። ዕቃ አድራሾች ልብ በሉ፦ ሞክ ሎኬሽን ሲበራ አንዳንድ የሥራ አፖች ቦታው ተጭበርብሯል ብለው ያግዳሉ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ በየ1024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ የመጨረሻው መጋቢት 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። ፕሮግራሙ ያረጀ መቀበያ ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ቦታውን በትክክል ቢያሳይም የመረጃችሁ ቀን በሙሉ ይበላሻል። ባትሪው ካበጠ አትንኩት። በአንጻሩ አንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች በኖኪያው ቢኤል-5ሲ ባትሪ ስለሚሠሩ መለወጫው በየሱቁ አለ፤ ለእኔ ይህ ከቻናል ብዛት የበለጠ ዋጋ አለው።

ሱቅ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሞከረ መቀበያ አልተሞከረም። ነጋዴዎችም መያዣ ተቀብላችሁ ደንበኛው ደጅ ይዞት እንዲወጣ ፍቀዱ። መስቀል አደባባይን በመሰለ ገላጣ ቦታ፣ የአንቴናው ፊት ወደ ሰማይ ሆኖ፣ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ሳተላይት የምህዋር መረጃውን በየ30 ሴኮንዱ ስለሚደግም በአንድ ደቂቃ አካባቢ ቦታውን ማግኘት አለበት፤ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የቆየ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩለት። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል ነጥቡ ምን ያህል እንደሚዋልል ተመልከቱ። ሳጥኑ ላይ 2.5 ሜትር ሲኢፒ የሚለው ግማሹ ነጥብ ከእውነተኛው ቦታ 2.5 ሜትር በሚደርስ ክብ ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው፤ ሌላው ግማሽ ከዚያ ውጭ ነው። ሙከራውን ፀሐይ ሳትጠልቅ አድርጉት። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት ምሽቶች፣ የላይኛው አየር የሳተላይቱን ሞገድ ያውከዋል፤ ጥሩ መቀበያም ያኔ መጥፎ ሊመስል ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ባሳተማቸው ባለ 1:50,000 ካርታዎች ላይ ነጥባችሁ 200 ሜትር ገደማ ፈቀቅ ብሎ ቢወድቅ ጥፋቱ የመቀበያው አይደለም። ካርታዎቹ የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ) ሲሆን መቀበያው የሚናገረው ደብልዩጂኤስ 84 በሚባል ሌላ ዳተም ነው። ለመመለስ ከመሮጣችሁ በፊት በአፑ ውስጥ ዳተሙን አዲንዳን፣ የካርታውን ዞን ደግሞ (ለአዲስ አበባ አካባቢ) 37 ሰሜን አድርጉት።

አንባቢያችሁ
ከአራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ