ለድሃው ገንዘቡን በእጁ ስጡት፤ ሲሆን ሲሆን በአንዴ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ እርዳታ በተወራ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ገንዘቡን በእጁ ከሰጣችሁት ጠጥቶ ቢጨርሰውስ?» ይባላል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛ ነው። እሱን ግን ደመወዙን ምን ላይ እንዳዋለው ማንም ጠይቆት አያውቅም። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም። የሚገርመኝ መልሱ ከተገኘ ስንት ዓመቱ ሆኖ ሳለ ሰው ዛሬም እንደ አዲስ ማንሳቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ባንክ ያወጣው አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን አገላብጦ ነበር። ጥሬ ገንዘብ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ለመጠጥና ለትምባሆ የሚያወጡት አልጨመረም። አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ቀንሷል። ጠጪ ድሃ የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ። ጠጪ ሥራ አስኪያጅም አለ። በአንድ ጠጪ ሰበብ ድሃውን ሁሉ መከልከል ግን ምን የሚሉት ነገር ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የገጠር ድህነት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የገቢ ማነስ ብቻ ነው። ማነሱስ ያንሳል። ከማነሱ በላይ የሚጎዳው ግን ገንዘብ የሚመጣበት ጊዜና የሚፈለግበት ጊዜ አለመገጣጠማቸው ነው። ገቢው በአዝመራ ጊዜ አንዴ ይመጣል፤ ወጪው ዓመቱን ሙሉ አለ። ጎተራው ባዶ የሚሆነው አዲሱ እህል ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ያኔ ብድር ይመጣል፣ ብድሩም በአራጣ ነው። አዝመራው ሲሰበሰብ አበዳሪው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ገበሬው እህሉን ወዲያው ወደ ገበያ ያወጣዋል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ ዋጋው ወድቋል፣ በርካሽ ይሸጣል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ልጆቹን ለመመገብ ያንኑ እህል በውድ መልሶ ይገዛል። ልጅ ሲታመም ፍየሏ ትሸጣለች። ዝናብ ሲዘገይ ለዘር የተቀመጠው ይበላል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ይህ ሁሉ አርቆ አለማሰብ ይመስላል። እስቲ በባዶ ኪስ ሌላ ምርጫ የሚያገኝ ሰው ካለ ይንገረኝ!

ችግር አእምሮንም ይሻማል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በሕንድ፣ ታሚል ናዱ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከአዝመራ በፊትና ከአዝመራ በኋላ ፈትኗቸው ነበር። ሰዎቹ ያው፣ የፈተናው ዓይነትም ያው። ገንዘብ እጃቸው ከገባ በኋላ የተሻለ ውጤት አመጡ። በፊትማ ሐሳባቸው ሁሉ ዕዳው ላይ ነበር። እኛ ደግሞ እንዲህ ላሉ ሰዎች «የገንዘብ አያያዝ ሥልጠና» እንሰጣለን። መጀመሪያ የሚያያዝ ገንዘብ ይኑራቸው እንጂ።

ገንዘቡ ሲገባስ ምን ይሆናል? በዚህ ጉዳይ ብዙ የተጠናው ኬንያ ውስጥ ነው። በሞባይል ገንዘብ የሚያስተላልፈው ኤምፔሳ እዚያ እ.ኤ.አ. በ2007 ተጀምሯል። ጊቭ ዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት በዚሁ መንገድ ገንዘቡን ወደ ድሆች ስልክ ይልካል። ምን ግዙ፣ ምን አትግዙ አይልም። በምዕራብ ኬንያ ይህን ገንዘብ ያገኙ ቤተሰቦችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ልጆች ሳይበሉ የሚውሉባቸው ቀናት ቀንሰዋል። ከብት ተገዝቷል። የሣር ቤቶች ቆርቆሮ ለብሰዋል።

ቆርቆሮው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም «ቆርቆሮ ምን ያደርግላቸዋል፣ ሥራ አይጀምሩበትም?» ሲባል ሰምቻለሁ። የሣር ክዳን ይበሰብሳል። በየጊዜው ሣር መግዛት ወይም ማጨድ፣ ሰው ማስተባበር፣ እንደገና መክደን አለ። ቆርቆሮ የሚገዛ ድሃ ይህን የማያልቅ ወጪ ነው የሚገላገለው። ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ልጆቹን ከጥግ ወደ ጥግ አያዛውርም። እህሉም አይበሰብስበትም። ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ ያጠራቅማል። አንድ የኢኮኖሚ ባለሙያ ተቀምጦ ቢያሰላው ጥሩ ኢንቨስትመንት ነው ብሎ ይፈርምበታል፤ ቤተሰቡ ግን ባለሙያ ሳይጠራ ደርሶበታል።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ የሕፃናቱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ የሆነ የኬንያ ጥናት ወደ አንድ ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ባገኙ ቤተሰቦች ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። መድኃኒት አልተሰጠም፣ ገንዘብ ብቻ ነው የተሰጠው። እናት በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት ከከባድ ሥራ ማረፍ ቻለች። ሐኪም ቤት ሄዳ ወለደች። በልታ አጠባች። ልብ በሉ ግን፣ ለውጡ የጎላው ጤና ተቋም አቅራቢያ ባሉ ቤተሰቦች ላይ ነበር። በመቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ሐኪም በሌለበት ገንዘብ ሐኪም አይሆንም። ስለዚህ ገንዘብ ስጡ ማለት ክሊኒክ አትሥሩ፣ መንገድ አታውጡ ማለት አይደለም።

«ገበያው ይናራል፣ ያልተሰጠው ጎረቤት ይጎዳል» የሚለውም ስጋት አለ። ይኼኛው ከመጠጡ ጥያቄ የተሻለ ጥያቄ ነው። ሲያያ በተባለው የኬንያ አውራጃ በ653 መንደሮች ከ10 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ ተሰጥቶ የገበያው ዋጋ በየጊዜው ተለካ። ጭማሪው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ያልተሰጣቸው ጎረቤቶችም ተጠቀሙ። ከተሰጠው ከእያንዳንዱ ዶላር ወደ ሁለት ዶላር ተኩል የሚጠጋ የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ በአካባቢው ተገኘ። ይህ የሆነው ወፍጮ ቤቱም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ባለ ሱቁም የቀኑን ብዙ ሰዓት ደንበኛ ሲጠብቁ ስለሚውሉ ነው። ደንበኛ ሲመጣላቸው ይሠራሉ እንጂ ዋጋ ለመጨመር አይቸኩሉም።

እንዲህ ከሆነ አሰጣጡ ላይ እንነጋገር፤ ብዙ የሚበላሸው እዚያ ነውና። በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚሰጥ ገንዘብ ለምግብ ጥሩ ነው። ጥሪት ለማፍራት ግን አይሆንም፣ ላም በወር ክፍያ አትገዛም። ኬንያ ውስጥ ሦስት አሰጣጦችን ያወዳደረ ጥናት አለ፤ በአንዴ ጠቅለል አድርጎ፣ ለሁለት ዓመት በየወሩ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት በየወሩ። ንግድ በመጀመር በኩል የሁለት ዓመቱ ከሌሎቹ ደከም ያለ ሆነ። ደስ የሚለው የአሥራ ሁለት ዓመቶቹ ነገር ነው። ብዙዎቹ እቁብ ገብተው የወር ክፍያቸውን ወደ ጠቀም ያለ ገንዘብ ቀየሩት። ማለትም ሰጪው ያልሰጣቸውን አሰጣጥ እነሱ ራሳቸው ፈጠሩት። ክፍያው ለብዙ ዓመት እንደማይቋረጥ ስላመኑም ደፈሩ።

እምነቱ ቀላል ነገር አይደለም። በረሃብ ወራት መግባት የነበረበት ክፍያ ሁለት ወር ከዘገየ ቤተሰቡ ተበድሯል፣ ፍየሏም ሄዳለች። ገንዘቡ ሲደርስ የአራጣ አበዳሪውን ኪስ ይሞላል። በሪፖርቱ ላይ ግን «ለተጠቃሚዎች ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል» ተብሎ ይጻፋል። ውሸት አይደለም እኮ! ተከፍሏል።

ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥም ሁለት ፊት አለው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በጀመረችው ፕሮግራም ገንዘቡ ለእናቶች ይሰጥ ነበር፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሂዱ፣ ጤናቸውም ይታይ የሚል ግዴታ ነበረበት። ብዙ አገር ተከተላት። ማላዊ ውስጥ ግን ወጣት ሴቶችን በሁለት መንገድ ሞክረው አዩ። ግዴታ የተጣለባቸው በትምህርት ገበታ ላይ በመቆየት በለጡ። ያለ ግዴታ የተሰጣቸው ደግሞ ያለ ዕድሜ ከማግባትና ከማርገዝ በተሻለ ተረፉ፤ ትምህርት ያቋረጠችዋም ገንዘቡ አልተቋረጠባትማ። በጣም የተቸገረችውን ልጅ በተቸገረችበት ሰዓት የሚቆርጥ ደንብ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ሌብነትስ? አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ይኸው ጊቭ ዳይሬክትሊ ምሥራቅ ኮንጎ ውስጥ ለድሆች የታሰበ ወደ 900 ሺህ ዶላር ገደማ መሰረቁን ራሱ ተናግሯል። ከሌቦቹ መካከል የራሱ ሠራተኞች ነበሩበት። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ «አላልኩም?» ይላል። ስንዴና ዘይትም እኮ ይሰረቃሉ፤ ለዚያውም መጋዘን፣ ጭነትና ጥበቃ ፈልገው። የሞባይል ገንዘብ ቢያንስ ማን ላከ፣ ማን ተቀበለ የሚለው መዝገብ ይቀራል። የተደረሰበትም ድርጅቱ ስለፈተሸ ነው፣ ሁሉም እንዲህ ቢፈትሽ ምነው።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። የእርዳታ ዜና ስትሠሩ «ይህን ያህል ሚሊዮን ተመደበ» ከሚለው አርእስት እለፉ። ዘጋቢያችሁ ሰጪውን አካል ሁለት ነገር ይጠይቅልን፦ ከተመደበው ውስጥ በቤተሰቡ እጅ የገባው ስንት ነው? የገባውስ በየትኛው ወር ነው? መልስ ካልሰጡም አለመስጠታቸውን ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ