የብየዳ ጭስ የወንድን ዘርም ይነካል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ደብረ ብርሃን ላይ ግንባታው በጨመረ ቁጥር ብየዳ ቤቱም በዝቷል። ከጥቅምት እስከ ጥር ብርዱ ሲጠና በር ገርበብ ተደርጎ ይሠራል፤ ጭሱም እዚያው ይታፈናል። የዚህ ጭስ ነገር ሲነሳ ዓይንና ሳንባ ይጠቀሳሉ። የወንድ ዘር ግን ትዝ የሚለው ሰው የለም። ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት ሐኪም ቤት ሲሄዱም ቀድማ የምትመረመረው ሚስቲቱ ናት፤ ይህ ትልቅ በደል ነው።

ከኤሌክትሮዱ (ከሚቀልጠው የብየዳ ዘንግ) ጫፍ የተነነው ብረት አየር ላይ ሲረጋ የሚፈጥረው ቅንጣት አብዛኛው ከ100 ናኖሜትር ያነሰ ነው። የፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ይጠጋል። እንዲህ የደቀቀውን አፍንጫ አያስቀረውም፤ ሳንባ ግርጌ ይወርዳል፣ ከፊሉም ደም ውስጥ ይገባል። የዘር ፍሬ ከደም የሚከልለው አጥር አለው። ሆኖም በአይጦች ላይ በተደረጉ ምርምሮች የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ የብርና የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች አጥሩን ሲያላሉ፣ የዘሩን ቁጥርና እንቅስቃሴ ሲቀንሱ፣ ዲኤንኤውንም ሲጎዱ ታይቷል። የስፐርም (የወንድ ዘር ሴል) ሽፋን ቶሎ በሚበላሽ ቅባት የተሞላ ነው፤ ራሱን የሚጠግንበት አቅምም እምብዛም የለውም።

በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ገና ጥቂት ነው። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ተራ ብረት በሚበይዱ ሠራተኞች ላይ የዘር ጥራት ቀንሶ አግኝቷል። የሥራው ሙቀትም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

መከላከያው ውድ አይደለም። ጭስ መሳቢያው ከሚበየደው ቦታ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ በጎን ይቀመጥ። ከበያጁ ራስ በላይ ከተሰቀለ ጭሱን በፊቱ አሳልፎ ነው የሚስበው። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ወይም ቀለም ያለው ላሜራ ሲሆን ሽፋኑ ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ 5 ሳንቲሜትር ያህል ቀድሞ ይነሳ፤ ይህም ደጅ ላይ፣ ማስክ ተደርጎ ነው። የጨርቅ ማስክና ሻሽ እዚህ ላይ አይረዱም። ኤን95 የሚባለው ማጣሪያ ማስክ ፊት ላይ ከገጠመ እነዚህን ቅንጣቶች ይይዛል፤ ጺም ካለ ግን አየሩ በጎን ይሾልካል። የሥራ ቱታም ቤት ይዞ መግባት አይገባም።

ዓመት ሙሉ ሞክረው ልጅ ያልመጣላቸው ጥንዶች ባልየውም እኩል ይመርመር። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ በሚሊሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም ነው፤ ከዚያም ቢያንስ 42 በመቶው መንቀሳቀስ አለበት። በአንድ ውጤት ብቻ አይወሰንም። አዲስ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ የሥራ ቦታው ከተስተካከለ በኋላ ያን ያህል ጠብቆ መድገም ነው። የዘር ናሙናው የተሰጠው ቤት ውስጥ ከሆነ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ በእጅ ተንጠልጥሎ አይሂድ፤ ከልብስ ሥር ሰውነት ላይ ተይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። አለዚያ ብርዱ ያደነዘዘው ዘር እንደታመመ ተቆጥሮ ይመዘገባል።