የሥራ መደብ መጠሪያ ባዶ ስም አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ሥራው እንጂ የመደቡ መጠሪያ ምን ያደርጋል» የሚለውን አስተያየት አልቀበልም። ቡሬ ላይ በእህል መጋዘን በርበሬና በቆሎ በሚዛን የሚረከብ፣ ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) የሚሞላ፣ በቆጠራ ጉድለት ሲገኝ የሚጠየቅ ሰው በውሉ ላይ «የጉልበት ሠራተኛ» ከተባለ፣ ደብረ ማርቆስ ለንብረት ክፍል ሲወዳደር ልምዱ «አግባብነት የለውም» ተብሎ ገና በምዝገባው ይወድቃል፤ መዝጋቢው የሚያየው ወረቀቱን ነውና። ኃላፊነቱን ተሸክሞ ስሙን መነፈጉ ያሳዝናል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። ስለዚህ አሠሪዎች መጠሪያውን መቀየር ቢያስቸግራቸው እንኳ፣ ከሥሩ «ርክክብ፣ ቢን ካርድ፣ ወርኃዊ ቆጠራ» ብለው ተግባሩን ይዘርዝሩ፤ ሠራተኛውም ሥራውን ሳይለቅ ያስጽፍ።

አንባቢያችሁ፣ ከፍኖተ ሰላም